ቁንጫ የተወችልኝ አሥራ አንድ ጠርሙስ

ጥቅምት 4

የሠርግ የጠረጴዛ ልብስ፣ አሥራ ስድስት። ቀይ ወይን፣ የሻማ ሰም፣ አንዱ ላይ ደግሞ የከንፈር ቀለም... የጠረጴዛ ልብስ ላይ የከንፈር ቀለም እንዴት ይደርሳል? ሰሙን በወረቀትና በካውያ አወጣሁት። ወይኑ በጨውና በቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀ። የከንፈር ቀለሙ እምቢ አለኝ። ነገ በአልኮል እሞክረዋለሁ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያቃተኝ እድፍ ሁለት ብቻ ነው፤ ይህ ሦስተኛ አይሆንም።

ልጄ ቁንጫ ዛሬ ከመስክ ትመለሳለች። ትናንት ደውላ ስለ ዓሦቿ ስታወራ ነበር። እኔ እሺ፣ እሺ እያልኩ አንሶላ እቆጥር ነበር። "እማ፣ እየሰማሽኝ ነው?" እየሰማሁሽ ነው አልኳት። መቶ አርባ ሁለት አንሶላ።

ከምሳ በኋላ ስልክ መጣ። አለቃዋ ፕሮፌሰሩ ናቸው።

"አጠገብዎ ወንበር አለ?" አሉኝ።


ጥቅምት 13

ከላይ ያለውን ገጽ አየሁት። የከንፈር ቀለሙ እንዳልለቀቀ ትዝ አለኝ። ልጄን ቀብሬ መጥቼ ትዝ የሚለኝ ይህ ነው። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ይህ ደብተር የሥራ ደብተሬ ነው። የትኛው እድፍ በምን እንደለቀቀ የምጽፍበት። ቁንጫ ቤት ስትመጣ መጀመሪያ የምታነበው እሱን ነበር። "እማ፣ አንቺ እኮ ተመራማሪ ነሽ" ትለኝ ነበር። ይልቅ ካልሲሽን አንሺ እላታለሁ። አሁን ሌላ የማወራበት ነገር የለኝም፤ እዚሁ ልጻፍ።

መኪናው መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። ሹፌሩ ክንዱ ተሰበረ። እሷ... ይኸው ነው። ከኋላ የነበረው የበረዶ ሣጥን ግን ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። ይህን የነገሩኝ ፕሮፌሰሩ ናቸው፤ ሊያጽናኑኝ። "ናሙናው ግን ደህና ደርሷል" አሉ። ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙት ደነገጡ፤ ወዲያው ሮጠው ወንበር አመጡልኝ። ተቀምጬ ነበር።

ሰው ሁሉ የሚለው ይጠፋበታል። የሆቴላችን ሥራ አስኪያጅ መጥቶ፣ "ዕረፍትሽን እስከ ወሩ መጨረሻ አራዝሜልሻለሁ፤ ምንም እንዳታስቢ" አለኝ። ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ፣ "የመጋረጃ ዝገት በምን ነበር የሚለቀው?"

በሎሚ አልኩት።

እትዬ፣ ታላቅ እህቴ፣ ትራሷን ይዛ መጥታለች። "እስኪሻልሽ አልሄድም" አለች። ከምን ነው የሚሻለኝ?


ጥቅምት 22

ዕቃዋን ልሰበስብ መሥሪያ ቤቷ ሄድኩ። ስድስት ዓመት ሠርታበታለች፤ ስረግጠው የመጀመሪያዬ ነው።

ላብራቶሪውን የምትጠብቀው ሴት አርባ የሚያህል ቁልፍ ወገቧ ላይ አንጠልጥላለች። ከመምጣቷ በፊት ድምፅዋ ይመጣል። ፊቷ ኮምጣጤ ነው። ባለቁልፏ ብያታለሁ። የቁንጫን ሹራብ፣ የሻይ ኩባያዋንና አንድ ጎን ጫማዋን (ሌላኛው የት ሄደ?) በካርቶን ሰጠችኝ።

ከዚያ አንድ ብርዳም ቁም ሣጥን ስትከፍት አየሁ። አሥራ አንድ ጠፍጣፋ ጠርሙስ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ላይ የልጄ እጅ ጽሑፍ። ሰባት ቁጥሯን እንደ መጥረቢያ ነው የምትጽፈው።

"ይኼስ የእሷ አይደለም?"

"እሱ ዕቃ አይደለም እናቴ። አሜባ ነው። ሕይወት ያለው።"

"ማን ያበላዋል?"

ቁልፎቿን በእጇ ጨበጠች። ቁልፏ እንኳ ዝም አለ። "ልጅዎ ነበረች... አሁን ሰው የለም። ቁም ሣጥኑ ለሻጋታ ተመራማሪው ሊሰጥ ነው። ዓርብ ይቀቀላሉ።"

ይቀቀላሉ!

ካርቶኑን እንደያዝኩ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባሁ። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ወንበር ሳቡልኝ። እኚህ ሰው የሴት ዕንባ እንደ ጎርፍ ነው የሚፈሩት። እኔም ገና ሳልቀመጥ፣ "ሥራ ስጨርስ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣሁ እኔ አበላቸዋለሁ" አልኳቸው።

"እናቴ፣ ይህ እኮ... ሥልጠና ይጠይቃል።"

መሐረቤን ብቻ ከቦርሳዬ አወጣሁ።

"ይቻላል! ይቻላል!" አሉ።

ሐዘንተኛን እምቢ ማለት ከባድ ነው። አውቄ ነው ያወጣሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።


ጥቅምት 26

የመጀመሪያ ቀን። ነጭ ካፖርት አለበሱኝ። ኪሱ ላይ የብዕር ቀለም አለ፤ አላስቻለኝም፣ ቤት ይዤው መጣሁ።

አሠራሩ ከእጥበት ይቀላል። የቆየውን የባሕር ውሃ ግማሹን በቀስታ መቅዳት፣ አዲስ መጨመር፣ ከዚያ ከትንሿ ብልቃጥ ሦስት ጠብታ። ጠብታው ባክቴሪያ ነው፤ አሜባዎቹ የሚበሉት እሱን ነው። አራት ጠብታ ባደርግስ አልኳት፤ ከስተዋል። "አያቶች ሁሉ እንደዚህ ናቸው" አለችኝ ባለቁልፏ፤ ከዚያ አፏን ያዘች። ነገሩ ግን ደስ አለኝ። አያት።

እንድታስረዳኝ ለመንኳት። በደረቁ ነገረችኝ። ዓሣ የሚተነፍስበት ቀይ ስንጥብ አለ አይደል፤ እነዚህ እዚያ ላይ ይለጠፋሉ። ባሕር ውስጥ በመረብ ቤት የሚረባ ዓሣ በሺህ በሺህ ታፍኖ ያልቅባቸዋል።

"ልጄ ታዲያ ነፍሰ ገዳይ ነው ስትቀልብ የኖረችው?"

"ገዳዩን ሳያውቁት መድኃኒቱ አይገኝም እናቴ።"

እያንዳንዷ አሜባ ውስጥ ደግሞ ሌላ ፍጡር ይኖራል። ማን ቆጥሮት እንደሆነ እንጃ፣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት ገብቶ እዚያው የቀረ። ቁንጫ ስሙን "ደባል" ብላዋለች። ደባሉ ከአሜባዋ ወጥቶ አንድ ቀን አያድርም። እሷም ያለ እሱ አትኖርም። አሜባዋ ለሁለት ስትከፈል እሱም ይከፈላል፤ እናት ለልጅ፣ ልጅ ለልጅ ልጅ እያወረሰችው ይኖራል።

"ተጣልተው አያውቁም?"

"ቢጣሉ የት ይሄዳሉ?"

ባለቁልፏ ስትስቅ አየሁ። ጥርስ አላት።


ኅዳር 1

እትዬ ዛሬ አወቀች። ጮኸች።

"አሜባ?! አሜባ ነው የምትቀልቢው? እኔ እኮ በአሜባ ሦስት ጊዜ ታክሜያለሁ! በስንት መድኃኒት ነው የወጣልኝ!"

የሰው ሆድ አይደለም፣ የዓሣ ነው አልኳት።

"ሆድ ሆድ ነው።" ዛሬውኑ ለብቻዋ ኩባያ ገዝታለች።


ኅዳር 5

ዛሬ ማጉያ መነጽሩን አሳየችኝ። መጀመሪያ የራሴን ሽፋሽፍት ነበር የማየው፤ "አየሁት፣ ጥቁር ነው፣ ፀጉራም ነው" ብዬ አስቄያታለሁ። ከዚያ አየሁ። ጨርቅ ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ናት። ጣት አውጥታ ትዳስሳለች፤ የፈሰሰ ውሃ ግን ሐሳብ ያለው። መሐሏ ላይ ሁለት ነጠብጣብ። አንዱ የራሷ አስኳል፣ አጠገቡ ደባሉ። ተጠጋግተው።

ለካ ይህን ነው ስትነግረኝ የኖረችው። ስድስት ዓመት ሙሉ በስልክ... አንድ ቀን እንኳ እስኪ አሳይኝ አላልኳትም። አንሶላ ስቆጥር።

እሷም ዘጠኝ ወር ውስጤ ነበረች። ይህን ማሰብ አልፈልግም። እያሰብኩት ነው ግን።


ኅዳር 8

ፕሮፌሰሩ ከቁንጫ ጋር ስለገቡት ውርርድ ነገሩኝ። (ወንበር አምጥተው።)

አሥራ አንዱ ጠርሙስ ከአሥራ አንድ የዓሣ ማርቢያ የመጣ ነው። አሜባዎቹ ለዓይን አንድ ይምሰሉ እንጂ ዘራቸው ሲነበብ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ እንደ ሰው ዘመድና ባዳ አላቸው። ልጄ የአሜባዎቹን የዘር ሐረግ ለብቻ፣ የደባሎቹንም ለብቻ ሣለች። አሥር ጠርሙስ አንብባ ሁለቱ ሐረጎች ቁርጥ አንድ ሆኑ። አሜባዋ ስትለወጥ ደባሏም አብሮ ተለውጧል። ቤቷ ሲጠብ እሱ ቀጥኗል፤ ሲሰፋ ወፍሯል።

"እኔ ደባል መቼም ቤት አይቀይርም ነው የምለው። ልጅዎ ግን አንድ ቦታ ላይ አንዱ ቀይሮ አገኛለሁ አለች። ሦስት ዓመት ተከራከርን።"

"ቢቀይርስ ለማን ምን ይጠቅማል?"

ዓይናቸው በራ። ለካ ሰው ሲጠይቃቸው ደስ ይላቸዋል። ደባሉን የሚገድል መድኃኒት ቢሠራ አሜባዋም ትሞታለች፤ ዓሣው ይተርፋል። ብዙ ሰው እሱን ነው የሚሞክረው። ግን አሜባዋ ደባል መለዋወጥ የምትችል ከሆነ፣ መድኃኒት የማይገድለውን ከሌላ ታስገባና ልፋቱ ሁሉ ውሃ ይበላዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

አሥራ አንደኛው ጠርሙስ ከመጨረሻው ማርቢያ ነው። በዚያ በበረዶ ሣጥን የመጣው። እሱ ብቻ አልተነበበም። የማንበቢያው መሣሪያ ሌላ ከተማ ነው፤ ወረፋው ታኅሣሥ መጨረሻ ይደርሳል። እስከዚያ በሕይወት ካልቆየ፣ ሦስት ዓመት የተከራከረችበት ነገር መልስ ሳያገኝ ይቀራል።

እስከዚያ ይቆያል። እኔ እያለሁ አይሞትም።


ኅዳር 14

አሁን ሁሉንም ለይቻቸዋለሁ። ሆቴል ውስጥ ሦስት መቶ አንሶላ አለ፣ ሁሉም ነጭ፤ የትኛው የየትኛው ክፍል እንደሆነ ግን በእጄ አውቀዋለሁ። እነዚህም እንደዚያ ናቸው። ስም አውጥቼላቸዋለሁ።

አንድ ቁጥር ሆዳሟ ናት፤ የሰጠኋትን በአንድ ቀን ጨርሳ ውሃዋን ታጠራለች። ሁለት ቁጥር እትዬ ናት። የተለጠፈችበትን አትለቅም፣ ጠርሙሱን ብነቀንቀውም ፍንክች የለም። ሦስት ቁጥር ቀጫጭን ናቸው፤ ሆቴሉን የሞሉት ፈረንጆች ይመስላሉ። አራት ቁጥር ፕሮፌሰሩ፤ ገና ሲነኩት ተኮማትሮ ክብ ይሆንና ይንሳፈፋል። አምስት ቁጥር ሥራ አስኪያጄ። ቀኑን ሙሉ ይርመሰመሳል፣ የሠራው ነገር አይታይም። ስድስት ቁጥር ኩርፊያ። ሰባት ቁጥር ባለቁልፏ ናት፤ እሷም እንደ እትዬ የማትለቅ፣ ግን ጠርዝ ጠርዙን ተሰልፋ በር የምትጠብቅ ትመስላለች። ስምንትና ዘጠኝ መንታ። አሥር ቁጥር ዘግይታ ትነሣለች፤ ከምሳ በፊት አትንቀሳቀስም።

አሥራ አንድን ስም አላወጣሁለትም። የእሱ አሜባዎች ጣት ከሌሎቹ ይረዝማል። አንድ ቦታ አይቀመጡም። በዚህ ታያቸዋለህ፣ ጎንበስ ብለህ ቀና ስትል በዚያ ናቸው።

ልጄንም ቁንጫ ያልኳት በዚህ ነበር።


ኅዳር 15

የካፖርቱ ቀለም በወተት ለቀቀ።


ኅዳር 22

ምን አደረግሁ።

ባለቁልፏ ስብሰባ ሄዳ ነበር። ሁሉንም አብልቼ ጨረስኩ። ጠርሙሶቹን በብርሃን ሳያቸው ውጫቸው ጨው ይዟል፤ የጣት አሻራ፣ ነጭ ነጭ ነገር። የልጄ ንብረት እንደዚህ ሆኖ? ባለቁልፏ ጠረጴዛ የምታጸዳበት አልኮል ነበር። ንጹሕ ጨርቅ አመጣሁ። አንድ በአንድ አውጥቼ ወለወልኳቸው፤ ፏ እስኪሉ። ከዚያ እንዲያምሩ ብዬ እንደ ውሃቸው ጥራት ደረደርኳቸው። ራቅ ብዬ አየኋቸው። እንደ መስታወት ያበራሉ።

ከዚያ ጨርቁን አየሁት። ሰማያዊ ሆኗል።

የልጄ ጽሑፍ። አሥራ አንዱም ቁጥር። መጥረቢያው ሰባትም። ጨርቁ ላይ ነው ያለው።

በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲህ ቶሎ የለቀቀልኝ ቀለም የለም።

ቁም ሣጥኑን ዘግቼ ወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ጨርቁን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ልጠበው? አላጥበውም። ምን ብዬ ልንገራቸው አሁን? "ናሙናው ደህና ደርሷል" ነበር ያሉት። መኪና ያላጠፋውን እናት አጠፋችው።


ኅዳር 23

እትዬ ገና ፊቴን አይታ፣ "አሜባው ያዘሽ" አለች። ነገርኳት። እንድትጮህብኝ ጠብቄ ነበር። ኩባያዋን አስቀመጠችና፣

"ስትወልጃት ሆስፒታል ውስጥ ስንት ሕፃን ነበር?" አለችኝ።

"አሥራ ምናምን።"

"ነርሷ ሌላ ሕፃን አምጥታ ስትሰጥሽ ምን አልሽ?"

"የኔ አይደለም አልኩ።"

"እጅ ላይ የታሠረውን የስም ወረቀት አይተሽ ነበር?"

አላየሁም ነበር።

"በይ ካፖርትሽን ልበሺና ሂጂ" አለችኝ። ከዚያ ከኋላዬ፣ "እጅሽን ሳትታጠቢ እንዳትመለሺ!"


ኅዳር 24

ደፍሬ ሄድኩ። ጨርቁን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ባለቁልፏ አንድ ጊዜ ጨርቁን፣ አንድ ጊዜ ቁም ሣጥኑን አየች። ፕሮፌሰሩ እንደ ልማዳቸው ወንበር አነሡ፤ ዛሬ ግን ራሳቸው ተቀመጡበት።

"ይገባዎታል?" አሉ ቀስ ብለው። "ሁሉንም እንደገና ብናነብ እንኳ፣ አሥሩን ከድሮው ጋር አመሳስለን እናውቃቸዋለን። የተረፈው አሥራ አንደኛው ይሆናል። ግን በአልኮል ጨርቅ የነካካ ሰው ውስጣቸውንም አቀላቅሎ ቢሆንስ? ማን ያምነናል?"

"ክዳናቸውን አልከፈትኩም። ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ" አልኩ። "ከመጥፋቱ በፊት ጽፌዋለሁ።"

"የት?"

ደብተሩን ከቦርሳዬ ሳወጣ ነው የገባኝ። ግን አንዴ ወጥቷል። ባለቁልፏ ወሰደችው።

"እኔ ላንብበው" አልኩ። "ጽሑፌ አይነበብም።"

"በደንብ ይነበባል እናቴ።"

አነበበችው፤ ጮክ ብላ። ጥቅምት 22 ላይ ከፈተችው። "ፊቷ ኮምጣጤ ነው" አለች፤ በዚያው በደረቅ ድምፅዋ፣ ገጽ ገለጠችና ቀጠለች። "እኚህ ሰው የሴት ዕንባ እንደ ጎርፍ ነው የሚፈሩት።" ፕሮፌሰሩ ሳሉ። "አውቄ ነው ያወጣሁት።" እንደገና ሳሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እወድ ነበር። ኅዳር 14 ላይ ስትደርስ፣ "አራት ቁጥር ፕሮፌሰሩ፤ ገና ሲነኩት ተኮማትሮ ክብ ይሆንና ይንሳፈፋል።"

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ወለወሉ። አጠለቁ።

"ትክክል ነው" አሉ።

"የአራት ቁጥሩ ነው ወይስ..." አለች ባለቁልፏ።

"ሁለቱም።"

ከዚያ ማጉያው ፊት ቁጭ አደረጉኝ። አንድ በአንድ አየሁ። ይቺ ሆዳሟ። ይኼ እርስዎ ነዎት። ይኼ ኩርፊያ። እነዚህ መንቶቹ፤ ታላቁ ቀኝ ጠርዙ ላይ የሚበዛው ነው... አሥራ አንዱንም ስም ጠራሁ፤ ባለቁልፏ ጻፈች። ወረቀቱን አጣጥፈው ፖስታ ውስጥ ከተቱና አሸጉት።

"ለሚያነቡት ሰዎች ምንም አንነግራቸውም" አሉ ፕሮፌሰሩ። "ምልክት የለሽ ሆኖ ይላካል። እነሱ ያነብባሉ፤ ከዚያ ፖስታውን እንከፍታለን።"

ባለቁልፏ ስትሸኘኝ፣ "ኮምጣጤም ለእድፍ ይጠቅማል" አለችኝ። በጣም፣ አልኳት።


ታኅሣሥ 12

ወደ ሥራ ከተመለስኩ ቆየሁ። የዝገቱ መጋረጃ በሎሚ ለቀቀ። ሥራ አስኪያጁ፣ "አየሽ፣ ሥራ ሐዘን ያስረሳል" አለኝ። አምስት ቁጥር መሆኑን አያውቅም።

የቁንጫ ሁለተኛው ጫማ ተገኘ። ከቁም ሣጥኑ ሥር። አቧራውን ጠርጌ... ለምን አንዱን ብቻ አውልቃ እንደምትሠራ ማን ይነግረኛል? ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ። ትስቅ ነበር። "እግሬ ይሞቀኛል" ትል ይሆናል።

ዛሬ አለቀስኩ፤ ጫማውን ይዤ። ባለቁልፏ ሰምታ መጣች። ወንበር አላመጣችም። መሬት ላይ አጠገቤ ተቀመጠች።


ታኅሣሥ 27

ዛሬ ተላኩ። ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ጥቂት ጥቂት ተቀድቶ፣ በበረዶ ሣጥን። በዚያው ሣጥን። ሹፌሩ ክንዱ ድኗል። በቀስታ ንዳ አልኩት። "እናቴ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ አነዳድ አላውቅም" አለኝ። እኔ አጽናናሁት።


ጥር 9

የለም። ገና ነው።


ጥር 13

እትዬ፣ "ከሐኪም ቤት ውጤት የምትጠብቂ ነው የምትመስዪው" አለች። ከዚያ፣ "እኔን ሁለት ቁጥር ብለሽኛል አሉ" አለች። ማን ነገራት? ባለቁልፏ! ለካ ስልክ ይደዋወላሉ።

"የማልለቅ ነኝ ብለሻል።"

"ዋሸሁ?"

"አልዋሸሽም። ግን መልኬስ ምን ይመስላል?"


ጥር 18

የማጠቢያ ክፍሉ እንፋሎት ስለሚሞላው ሰው ሲገባ መጀመሪያ አላየሁም። ሳሉን ነው ያወቅሁት። ፕሮፌሰሩ፣ በካፖርታቸው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ በአንድ እጃቸው ወረቀት፣ በሌላው የተከፈተ ፖስታ። ዓይናቸው ቀልቷል። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል።

"አጠገብዎ ወንበር የለም" አልኳቸው። የፎጣ ቅርጫት ገልብጬ አቀረብኩላቸው። ተቀመጡ።

"ስምንቱን እርስዎ አውቀዋቸዋል" አሉ። "ሁለቱን አቀያይረዋል። ሁለትና ሰባትን።"

እትዬና ባለቁልፏ! ይኸው፤ ለዚህ ነው በስልክ የተስማሙት።

"አሥራ አንደኛውስ?"

"እሱንም አውቀውታል።" ወረቀቱን ሊያሳዩኝ ዘረጉት፤ እንፋሎቱ አረጠበው። ሁለት ዛፍ የሚመስል ሥዕል። በግራ የአሜባዎቹ፣ በቀኝ የደባሎቹ። መስመር ከመስመር ቀጥ ብሎ ይያያዛል። አንድ ብቻ ነው፣ ከታች ተነሥቶ፣ ሌሎቹን ሁሉ አቋርጦ ወደ ላይ የወጣ።

"አሜባዎቹ የአሥር ቁጥር ዘመድ ናቸው። ደባላቸው ግን የሦስት ቁጥር ወገን ነው። ተቀላቅሎ ይሆናል ብዬ አላመንኩም። አንዲት አሜባ ብቻዋን ለዩ፣ እሷን ብቻ አንብቡ አልኳቸው። ሦስት ጊዜ። ሦስቴም ያው ነው። ሰዎቹ የትኛው ጠርሙስ እንደሆነ አያውቁም፤ ፈልገው ያገኙት አይባልም። ጽሑፉ ባይጠፋ ኖሮ ይህን ሁሉ እንደገና አናስነብብም ነበር፤ ያቺ ልጅ እንድታሸንፍ ብለው ነው ይሉን ነበር።"

"ስለዚህ?"

"ቤት ቀይሯል።" ጉንጫቸውን ጠረጉ። "ከጥንት አብረው ያረጁ፣ አንዱ ያለ ሌላው የማይኖሩ... ግን አንድ ቀን አንዷ ቤት የሌላ ቤት ደባል ተቀብላለች። ኖራለችም። ልጅዎ ነበረች ትክክል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።"

አለቀሱ። እኒያ ዕንባ የሚፈሩት ሰው፣ የፎጣ ቅርጫት ላይ። ንጹሕ ፎጣ ሰጠኋቸው።

ከደረት ኪሳቸው ደግሞ የተጣጠፈች ወረቀት አወጡ፤ የቁንጫ እጅ ጽሑፍ። ከመሳቢያዋ ያገኟት ነው፤ ሁለቱም ፈርመውባታል። "ደባል ቤት ቀይሮ ከተገኘ ፕሮፌሰሩ አንድ ዓመት ሙሉ የላብራቶሪውን ጠርሙስ ሁሉ ያጥባሉ።"

"ሰኞ እጀምራለሁ" አሉ። "እንዴት ነው የሚታጠበው?"

በመጀመሪያ፣ አልኳቸው፣ አልኮሉን አርቀው ያስቀምጡ።


ጥር 27

በየጠርሙሱ አንገት ላይ ክር አሠርኩ። ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ልብስ የምንለየው በዚህ ነው፤ ቀለም ይለቃል፣ ክር አይለቅም። አሥራ አንድ ዓይነት ክር። ለአሥራ አንደኛው ከቁንጫ ሹራብ መዘዝኩለት።

ጥናቱ እየተጻፈ ነው። የእሷ ስም መጀመሪያ ይሆናል። ከታች፣ በትንሽ ጽሑፍ፣ "ጠርሙሶቹን በሕይወት ላቆየችው እናቷ" የሚል ገብቷል። ባለቁልፏ አነበበችልኝ። "ለወለወለቻቸውም" የሚል ይጨመር አልኩ። አልተጨመረም።

ሻጋታው ሰውዬ ሌላ ቁም ሣጥን ተሰጠው። ማክሰኞና ዓርብ እሄዳለሁ። ፕሮፌሰሩ በክንዳቸው ሙሉ አረፋ ይዘው ይጠብቁኛል። አሁንም በደንብ አያለቀልቁም።

እትዬ ትራሷን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። ሁለተኛ ቀኗ ነው። ቤቱ ሰፋብኝ። አሁን ማምሻውን ደወለች። "ምን እያደረግሽ ነው?" ስለ ደባሎቹ ነገርኳት፤ ብዙ አወራሁ። "እሺ፣ እሺ" ትለኛለች። ምን እየቆጠርሽ ነው አልኳት። "ምንም፤ እየሰማሁሽ ነው" አለች። እንደማትሰማ አውቃለሁ። ቢሆንም ነገርኳት። ቁንጫም እንደዚህ ነበር ያደረገችው። ታውቅ ነበር። ቢሆንም ትነግረኝ ነበር።

ያ የጠረጴዛ ልብስ ዛሬ ከመደርደሪያው ሥር ወጣ። የጥቅምቱ። የከንፈር ቀለሙ አለ። አልኮሉን አነሣሁ... መልሼ አስቀመጥኩት። ሦስተኛው ይሁን።

ደብተሩ ሊያልቅ ነው። አንድ ቀን የእድፍ መላ ፈልጎ የሚከፍተው ሰው ይኖራል። ዝገት በሎሚ፣ የብዕር ቀለም በወተት፣ ሰም በካውያ፤ ሁሉም እዚህ አለልህ፣ ውሰድ። ብቻ ከመዝጋትህ በፊት አንዲት ቃል ስለ ልጄ ወደ ላይ በልልኝ። ፈጣሪ ስሟን ያውቀዋል፤ አንተ ቁንጫ ብትል ይበቃል። ካረፈችበት ጫማዋን ሁለቱንም አውልቃ ትቀመጥ። የሚሰማትም ይኑር።